ክንዴ ላይ የተለጠፈችው አሳባቂ

ሰው የገዛ ሰውነቱን ነገር ምን ያህል ቢያውቅ ይበቃዋል? እናንተ ጤነኞቹ ምሳችሁን በልታችሁ ጥርሳችሁን እየጎረጎራችሁ ትነሣላችሁ፤ የበላችሁት ሽሮ ከጉሮሮ ከወረደ በኋላ የት እንደ ደረሰ የሚነግራችሁ የለም፣ አትጠይቁምም። መታደል ነው። እኔ ግን የእያንዳንዷን ጉርሻ ወሬ እየሰማሁ ስለ ከረምሁ፣ አለማወቅን ሰው ሲሰድብ ዝም ማለት ጀምሬያለሁ።

ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። ከደባርቅ እንግዳ አስከትዬ ሰሜን ተራሮችን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ስኳር በሽታ ከያዘኝም ቆይቷል፤ በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ይህን የምታውቀው ሚስቴ ትርንጎ ብቻ ነበረች። እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው። ለምን ደበቅህ ትሉኝ ይሆናል። ገደል አፋፍ ላይ እንግዳ የሚመራን ሰው «ድንገት ይወድቃል» ካሉት ማን ሥራ ይሰጠዋል? ስለዚህ ተራራ ላይ መርፌዬን የምወጋው «ሽንቴን ልሽና» ብዬ ከድንኳን ኋላ ነበር። ሽንቱን መያዝ የማይችል ሰው ቢሉኝ እመርጣለሁ።

አንድ ቀን ጨነቅ በሚባለው የድንኳን ሰፈር አንዲት እንግዳ ከድንኳኑ ኋላ ብቅ አለችና ከነመርፌዬ ያዘችኝ። እኔ የምገባበት ሲጠፋኝ እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ፤ የካፖርት ቁልፍ የምታህል ነጭ ነገር ተለጥፋበታለች። ለካ እሷም ስኳር አለባት። ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል በትርፍ የያዘቻትን አንዷን ክንዴ ላይ ለጠፈችልኝ፤ እሷ ልኬቷን በስልኳ ታነባለችና ማንበቢያዋንም ሰጠችኝ። ጣት መብጣት ቀረ። ማንበቢያውን ወደ ክንዴ ሳስጠጋ ስኳሬ ስንት እንደ ሆነ በቁጥር፣ ወዴት እየሄደ እንደ ሆነ በቀስት ያሳየኛል። ዕድሜዋ ግን አሥራ አራት ቀን ብቻ ነው።

ዕረፍቴ በዚያው አበቃ። በቀን አንዴ ለክቼ የምተኛው ሰውዬ በየአምስት ደቂቃው አይ ጀመር። ዳባት ለቅሶ ስንሄድ ሚኒባስ ውስጥ አየሁ። ለቅሶ ቤት ገብቼ ጋቢዬ ውስጥ አየሁ። አንድ እፍኝ ንፍሮ ቃምሁና አየሁ፤ ቁጥሩ ወጣ። ደነገጥሁ። በድንጋጤው ይሁን በንፍሮው እንጃ፣ እንደ ገና ወጣ። ትርንጎ በመጨረሻ መረራት። «እኔን በቀን አንዴ ቀና ብለህ አታየኝም፤ ክንድህን ስታይ ትውላለህ። እኔም ቀስት ላውጣ?» አለችኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ባልና ሚስት እንግዶች ይዤ ከጨነቅ የቧሂትን አቀበት ተያያዝሁት። በቅሎ እየሳቡ ከኋላችን የሚመጡት አያ ማሩ ናቸው፤ ሦስት ዓመት አብረን የሠራን ዝምተኛ ሽማግሌ። ጠዋት መርፌዬን ወግቼ ነበር፤ እንግዶቹ ስለ ቸኮሉ ግን ቁርሴን በወጉ አልበላሁም። አቀበቱ እኩሌታ ላይ ዞር ብዬ ማንበቢያዬን አየሁ፤ ዘጠና፣ ቀስቷ ወደ ታች። ኪሴ ውስጥ ከረሜላ ነበረኝ፤ ተቀምጬ መብላት ነበረብኝ። ነገር ግን ባልየው በዚያው ቅጽበት «አንተ ግን አይደክምህም?» ብሎ አደነቀኝ። ከዚህ በኋላ እንዴት ይቀመጣል!

ጥቂት ሄጄ አየሁ፤ ስድሳ አምስት። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ሴትዮዋ ስለ አንድ ወፍ ብትጠይቀኝ ጮኽሁባት። እንደ ገና አየሁ፤ አርባ ስምንት። ከረሜላውን አወጣሁ፤ ጣቶቼ ወረቀቱን መፍታት አቃታቸው። ወደ ጎን ተንገዳገድሁ፤ ገደሉ ደግሞ ከመንገዱ አሥር ርምጃ አይርቅም።

አያ ማሩ የበቅሎዋን ገመድ ለሰውየው አስጨብጠው መጡና ትከሻዬን ይዘው ቁጭ አደረጉኝ። ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተቋጠረ ስኳር አውጥተው በኮዳቸው ውሃ በጠበጡ።

«ጠጣ» አሉኝ። ጠጣሁ። «ድገም።» ደገምሁ።

ነፍሴ መለስ ስትል «ስኳሩን ከየት አመጡት?» አልኋቸው።

«ከቤቴ ነዋ! ሟች እህቴ እንዳንተው ነበረች፤ ላብ ላብ ሲላትና ሰው ስትቆጣ አውቅባታለሁ። አንተንም መጀመሪያ አብረን የወጣን ለት ነው ያወቅሁብህ። ከዚያ ወዲህ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንተ ስትደበቅ፣ እኔ ምን ብዬ ልግለጥህ?»

እያፈርሁ ለእንግዶቹ እውነቱን ነገርኋቸው። «አይዞህ» አሉኝና ወደ ወፋቸው ተመለሱ። እንጀራዬን ያሳጣኛል ብዬ ስጠብቀው የኖርሁት ምስጢር ሁለት ደቂቃ እንኳ አላነጋገራቸውም።

ከሰዓት በኋላ ጨነቅ ስንመለስ አያ ማሩ ለብቻዬ ጠሩኝ። «እስኪ ያችን ነገር ወደ እኔም አስጠጋት።»

«የተለጠፈችበትን ሰው ብቻ ነው የምታውቅ» አልሁና የጣት መለኪያዬን አወጣሁ። «ምን አሳሰበዎት?»

«ውኃ ጥም። ቆይቶብኛል።»

ጣታቸውን በጣሁ። ሦስት መቶ አርባ። ስኳር እንደ ያዛቸው ስነግራቸው «እንደ እህቴ?» አሉ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «አደራህን፣ ባለ በቅሎዎቹ እንዳይሰሙ» አሉኝ።

ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውሁት። ሆስፒታል እንሂድ ብዬ ለመንኋቸው። በስንት ልመና እሺ አሉ፤ ያውም ሰው ከጠየቀ «እሱን ላሳክም ነው የወረድሁ» ሊሉ ተስማምተን።

ይኸው በየወሩ እኔን «ሊያሳክሙ» ደባርቅ ይወርዳሉ። መርፌያቸውን ጀምረዋል፤ ውኃ ጥሙም ተሻላቸው። እኔን ግን መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ እጄን ይዞ ከልቡ እያዘነ «ዛሬስ እንዴት ነህ?» ይለኛል። የእኔን ስኳር ያልሰማ በአገሩ የለም። የእሳቸውን የምናውቅ ግን፣ እናንተ ካላወራችሁ፣ እኔና እሳቸው ብቻ ነን።