ሊቀ አብሮነትና የሐሙሱ ስብሰባ

አባቱን ከሩቅ የሚወድ ሰው ፍቅሩ ማለቂያ የለውም። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው ቢያንስ አንድ አይጠፋም። ስለ ቤተሰብ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፤ ሰሚው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ እናቱ ጋ ለመደወል ይቸኩላል።

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ሰውዬ የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነበር። ባልደረቦቹ «ሊቀ አብሮነት» የሚል ማዕረግ የሰጡት በከንቱ አይደለም።

«የጎደለን አብሮነት ነው!» ይላል፣ ሻዩን እያማሰለ። «ሦስት ትውልድ ባንድ ጣሪያ ሥር! ከዚህ በላይ ምን አለ?»

አንድ ቀንማ የባዮሎጂ አስተማሪዋ እናቷ ብቻቸውን እንደሚኖሩ ብታነሳ፣ «ታዲያ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብሎ በሰው ፊት ጠየቃት። ሴትየዋ ብርጭቆዋን ይዛ ወጣች። እሱ እውነቱ መሯት ነው ብሎ አለፈው።

ያኔ የራሱ አባት የሚኖሩት በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ርቆ በሚገኝ ከተማ ነበር።

አባትየው አርባ ዓመት የአውቶቡስ መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የቀሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው በየሳምንቱ እየደወለ «አባባ፣ ይምጡና አብረን እንኑር!» እያለ ይለምናቸዋል። እሳቸው «ተወኝ ልጄ፣ ቤቴ ይሻለኛል» ይላሉ። የመምህሩ ሚስትም፣ «ያለን ሁለት መኝታ ክፍል ነው፤ በደንብ አስበህበታል?» ብላው ነበር።

«ይሄ ታስቦበት የሚደረግ ነገር አይደለም!» አላት። እውነቱን ነው፤ አላሰበበትም።

በመጨረሻ ሽማግሌው ተረቱ። የኪራይ ቤታቸውን ቁልፍ አስረከቡ፣ ዕቃቸውን ለጎረቤት አከፋፈሉ፣ አንድ ሻንጣና አንድ የመፍቻ ሳጥን ይዘው መጡ።

የመጀመሪያው ሳምንት ልክ ሊቀ አብሮነት እንደሰበከው ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ኑሮ ተጀመረ።

አባባ ገና ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ፤ ተነሥተውም ያልተበላሸ ነገር ይጠግናሉ። የመታጠቢያ ቤቱን በር «ትንሽ ይጎረብጣል» ብለው ነቅለውት፣ ቤተሰቡ ለሁለት ቀን በመጋረጃ ተገለገለ። ዕድሜያቸውን በሞተር ጩኸት መሃል ስላሳለፉ ዝግ ብሎ ማውራት አይሆንላቸውም። ልጃቸው መጸዳጃ ቤት ትንሽ ከቆየ፣ «አንተ ልጅ፣ ሆድህን ነው?» የሚለው ጥያቄ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ፈተና ሊያርም ሲቀመጥ ደግሞ ፊት ለፊቱ ወንበር ስበው፣ ተራራ ላይ የተሰበረ ካምቢዮ በሽቦ አስረው ስልሳ መንገደኛ እንዴት እንዳሻገሩ ይተርኩለታል። ታሪኩ ግሩም ነው። አሥራ አንደኛው ጊዜ ላይ ግን ሊቀ አብሮነት «ምነው ስልሳውም እዚያው በቀሩ!» ብሎ ሲመኝ ራሱን ያዘ። በራሱ አፈረ። በማግስቱ ለሚስቱ ደውሎ፣ «ዛሬ ስብሰባ አለብን» አላት።

ስብሰባ የሚባል አልነበረም። ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ፎቅ ላይ ያለ ባዶ ክፍል ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ብስኩት በላ። እንደዚያ የጣፈጠው ብስኩት የለም። ስብሰባው በሳምንት አንዴ የነበረው ሁለቴ ሆነ፤ ኋላም ኮሚቴ ተጨመረበት። ሻይ ላይ ግን «አባቴ ከመጡ ወዲህ ቤታችን ሞላ!» እያለ መስበኩን አልተወም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ወረደ። አባባ ልጃቸው ባዶ እጁን መውጣቱን አይተው ነበርና ጃንጥላ ይዘውለት መጡ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ያገኙት የባዮሎጂ አስተማሪዋን ነው።

«ልጄ ስብሰባ ላይ ነው አሉ። ይቺን አቀብይልኝ» አሏት።

እሷ ስብሰባ እንደሌለ ታውቃለች። ሰውየው ባዶ ክፍል ውስጥ ሲጎለት ሁለት ሦስቴ አይታው ዝም ብላለች። ልኩን የምታስገባበት ቀን መጣላት። ግን የሽማግሌው ሱሪ እስከ ጉልበታቸው መርጠቡን አየች።

«እዚህ ይጠለሉ አባባ፣ እኔ ልጥራልዎ» ብላ ደረጃውን በሩጫ ወጣች።

«አባትህ መጥተዋል» አለችው በሩን ከፍታ። «እኔ ምንም አልነገርኳቸውም። ቶሎ ጫማህን አድርግ።»

አባባ ግን መጠበቅ አያውቁበትም፤ ተከትለዋት ወጥተው ኖሯል። አርባውን ባዶ ወንበር፣ ካልሲውንና ብስኩቱን ተራ በተራ አዩ።

«ስብሰባው አለቀ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዝቅ ማድረግ መቻላቸውን ልጃቸው ያወቀው ያን ዕለት ነው።

ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ እንዳለ ቀና ማለት አቃተው። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ነደደ። ሴትየዋ አላየሁም አልሰማሁም ብላ ሹልክ ስትል ደግሞ ባሰበት፤ ምነው በሰደበችኝ አለ በሆዱ።

አባባ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እኔ እንደሆነ አሁን ተመልሼ የምገባበት ቤት የለኝም» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ የጎማ ንፋስ ለክቶ እንደሚናገር ሰው ነው ያሉት።

«አባባ፣ አይሂዱብኝ። እወድዎታለሁ» አለ፣ እንባው እየመጣ። «ግን… አልቻልኩበትም። ሌላውን ሁሉ እንዴት መኖር እንዳለበት ሳስተምር ከርሜ፣ የራሴን አባት ሸሽቼ እደበቃለሁ።»

ሽማግሌው አንድ ብስኩት አነሡ።

«አንተ ስትወለድ ስድስት ወር ሙሉ አለቀስክ። እኔ አባትህ ከሥራ በኋላ ጋራዡ ጥግ በቆመች አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ እቀመጥ ነበር። ለእናትህ ትርፍ ሰዓት ነው እላታለሁ።»

«እማዬ አላወቀችም?»

«አንድ ቀን ታቅፋህ መጣች። አጠገቤ አስቀመጠችህና፣ 'ዛሬ ትርፍ ሰዓቱ የኔ ነው' ብላኝ ሄደች።»

ልጅየው ሳይወድ ሳቀ፤ ሳቁም መልሶ አሳፈረው።

«ማክሰኞና ሐሙስ አንድ አንድ ሰዓት ተሰብሰብ፤ ይበቃሃል» አሉ አባባ። «ሰኞና ረቡዕ እኔ እወጣለሁ።»

«የት ይሄዳሉ?»

«ምን አገባህ?»

ዝናቡ እስኪያባራ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሊቀ አብሮነት ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቱን የሆነ ነገር መጠየቅ ፈለገ።

«አባባ፣ ያቺ አውቶቡስ ምኗ ነበር የተበላሸው?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ።

«ምንም አልነበረባት» አሉ። «አልተሠራችም እያልኩ ስድስት ወር ያቆምኳት እኔ ነኝ።»