አክሲዮኔ ከሐጂ ፍየሎች ጋር ሲወዳደር

ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ አተረፍኩ ይላል፤ ከመቶ ስንት ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ወሬ ይቀይራል። እኔ አልቀይርም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ ከመቶ ማስላትን የተማርነው አምስተኛ ላይ ነበር።

ጡረታ ስወጣ እጄ የገባችውን ሃያ አንድ ሺህ ብር ታቅፌ ስሰጋ ከረምኩ። በመጨረሻ ሃያ ሺውን የባንክ አክሲዮን ገዛሁበት፤ አንድ ሺው ለአገልግሎት ክፍያ ሄደ። የጅጅጋ ጎረቤቴ ሐጂ ዩሱፍ ሳቀብኝ። ወረቀት ይታለባል ወይ፣ ጋሽ ታደሰ? አለኝ። እሱ በዚያው ልክ፣ በሃያ አንድ ሺህ ብር፣ ስድስት ፍየል ገዝቶ ከካራማራ ማዶ ላለ ዘመዱ ሰጠ። ባለቤቴ ዘነበች ሁለታችንንም ሰምታ፣ ዓመት እንያችሁ፣ ፍየሉ ከበለጠ አክሲዮኑ ይሸጣል ብላ ወሰነች። እንግዲህ ከዚህ በላይ የክብር ጉዳይ አለ?

ዓመቱ ሲሞላ የትርፍ ድርሻዬ ግብር ተነስቶለት ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ብር ሆነ። ለሃያ አንድ ሺህ ሲካፈል ከመቶ አሥራ አምስት። የአገልግሎት ክፍያዋን ሳልረሳ ማስላቴን ልብ በሉልኝ፤ ስንቱ ምሁር ይረሳታል?

ሐጂ ሦስት ግልገል ተወልዶለት ነበር፤ ግን ሁለቱን ፍየል ድርቅ፣ አንዱን ጅብ፣ አንዱን እንግዳ በላበትና አምስት ቀሩት። አንድ ፍየል ከስረሃል አልኩት። ወላሂ፣ እንግዳ የበላው ኪሳራ አይባልም፣ አላህ ዘንድ ተቀምጧል አለኝ። የዚያን ወለድ ማስላት አልተማርኩም አልኩት። ዘነበች ለእኔ ፈረደች፤ እኔም በሰፈሩ አንገቴን ቀና አድርጌ ሰነበትኩ።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። የበዓል ፍየል ከማን ልግዛ? ከሐጂ ነዋ። ስድስት ሺህ ሦስት መቶ አለኝ። ጠንቃቃ ነኝና ገበያውን ዞሬ አየሁ፤ ድርቁ ዋጋውን ሰቅሎት ያው ነው። የትርፍ ድርሻዬን በሙሉ አውጥቼ፣ ያንኑ ያህል ከጡረታዬ ጨመርኩበት። ሐጂ ብሩን ተቀብሎ፣ እስቲ አሁን የእኔን አስላው አለ።

ለካ ፍየሎቹን በተገዙበት ዋጋ ነበር ያሰላሁለት። ግልገሎቹም አድገዋል። አምስቱ በዛሬ ዋጋ ሠላሳ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ ትርፉ አሥር ሺህ አምስት መቶ፣ ከመቶ ሃምሳ። የፍየሉን ገመድ የያዘችው ዘነበች አጠገቤ ቆማለች። ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ሂሳብ በሹክሹክታ አይነገርም።

አክሲዮኑ ሰኞ ይሸጣል። ፍየሎቹ እንዳሸነፉኝ አልክድም። በስንት እንዳሸነፉኝ ግን፣ እኔ ባልኖር ማን ይነግራቸው ነበር?