ዶኛ ዙኒልዳ ከመርከብ ምራቂ ሲጠይቁ

እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን በስድስት ቀን ጨርሶ በሰባተኛው ሊያርፍ የቻለው፣ ምራቂ ጠያቂ የሚባል ሰው ገና ስላልነበረ ነው። ቢኖር ኖሮ፣ «ስድስቱን አየን፤ አንዲት አትጨምርልንም?» ብሎ ዕረፍቱን ያበላሽበት ነበር።

እነዚህን ሰዎች የማያውቅ የለም። ሁለት ኪሎ ድንች ያስመዝናሉ፣ ይከፍላሉ፣ ዘንቢላቸውን አንሥተው ሦስት እርምጃ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ። «ምራቂዋስ?» አጥተው አይደለም። ስስትም አይደለም። ያለ ምራቂ ያለቀ ግብይት ለእነሱ ደኅና ዋል ሳይባባሉ እንደ መለያየት ነው። የወደብ ከተማችን ቫልፓራይሶ ደግሞ የእነዚህ ሰዎች መዲና ናት። የመዲናይቱም ንግሥት ክብርት ዶኛ ዙኒልዳ ባራሳ ናቸው፤ በካርዶናል ገበያ የድንችና የሽንኩርት ነጋዴ፣ በኮርዲዬራ ኮረብታ የማይናወጡ ነዋሪ፣ የሰባ ዓመት ወይዘሮ።

እውነቱን ለመመስከር፣ ዶኛ ዙኒልዳ የሚጠይቁትን ያህል ይሰጣሉም። ድንች የገዛቸውን ሰው አንድ እፍኝ የድምብላል ቅጠል ሳይመርቁ አሰናብተው አያውቁም። ደንበኛው አኩርፎ ከመጣ ሎሚ ይጨምራሉ። ባሏ የሞተባት ሴት ስትመጣማ ሽንኩርቱንም ሎሚውንም ጨምረው፣ ትንሽ አብረዋት አልቅሰው ነው የሚሸኟት።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው ማሪቤል ሰባኛ ዓመታቸውን ምክንያት አድርጋ ዘጠኝ ቀን የሚፈጅ የመርከብ ሽርሽር ከፈለችላቸው። ከቫልፓራይሶ ተነሥቶ ወደ ደቡብ፣ ደሴቶቹንና በረዶውን አይቶ፣ ተመልሶ ቫልፓራይሶ። እኔንም ጋዜጣዬ «ስለ ሽርሽሩ ጻፍ» ብሎ በዚያው መርከብ ላከኝ። የምግብ ቤቱ ኃላፊ፣ ምን እንደበደልኩት እንጃ፣ ከእሳቸው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠኝ።

መጀመሪያ አልሰጋሁም። በእንዲህ ያለ መርከብ ላይ ምግቡም፣ ሙዚቃውም፣ መዋኛ ገንዳውም ከቲኬቱ ጋር አብሮ የተከፈለበት ነው። የሚሸጥ ነገር በሌለበት ምራቂ ከየት ይመጣል ብዬ ነበር። የዋህነቴ!

በመጀመሪያው ምሳ ዶኛ ዙኒልዳ ሾርባውን፣ ዓሣውንና ሁለት ዓይነት ኬክ ጨርሰው፣ አፋቸውን ጠራርገው፣ ፀጉሩ የሸበተውን አስተናጋጅ በጣታቸው ጠሩት።

«ምራቂዬስ?»

«እመቤቴ፣ የፈለጉትን ያህል መውሰድ ይችላሉ። ሁሉም የእርስዎ ነው።»

«የራሴን መውሰድማ ምኑን ምራቂ ሆነ? ምራቂ አንተ ወደህ የምትሰጠኝ ነው።»

ሰውየው ወደ እኔ አየ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። በመጨረሻ ከሰላጣው ሳህን አንዲት የወይራ ፍሬ በማንኪያ አንሥቶ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። ጎረሷትና «አሁን ገና በላሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ራሱ በሽታው ተጋባበት። በየምሳው ምን እንደሚመርቃቸው ሲያውጠነጥን ይውል ጀመር፤ አንድ ቀን እንዲያውም ከሐብሐብ ወፍ ቀርጾ ብቅ አለ።

የመርከቡ ሐኪም ለማቅለሽለሻቸው ሁለት ክኒን ሲሰጣቸው ሦስተኛ አስጨመሩት፤ «ያዳነችኝ ሦስተኛዋ ናት» እያሉም ፎቅ ለፎቅ አወሩ። በቢንጎው የቁጥር ዕጣ ጨዋታ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ተነሥተው፣ «በሉ አንዲት ቁጥር መርቁን» አሉ። አጫዋቿ ስቃ አንድ ቁጥር አወጣች። ከኮንሴፕሲዮን ከተማ የመጡ አንዲት ጡረተኛ መምህርት «ቢንጎ!» ብለው ከወንበራቸው ዘለሉ። የመጀመሪያው አሸናፊ ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፎ ከክፍሉ አልወጣም።

በረዶው ዘንድ ስንደርስ፣ ያ ሰማያዊ ተራራ የሚያህል ግግር አንድ ጊዜ ተገምሶ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሕዝቡ ፎቶውን አንሥቶ ወደ ሙቀቱ ገባ። ዶኛ ዙኒልዳ ግን ኮታቸውን ጠቅልለው ግግሩ ላይ እንዳፈጠጡ ቆሙ። «ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ይመታዎታል» ብላቸው፣ «ይጨምራል፤ ፊቱን አይቼዋለሁ» አሉኝ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ጨመረ፤ ከመጀመሪያው የሚበልጥ። ዶኛ ዙኒልዳ ራሳቸውን በአክብሮት ነቅነቅ አድርገው ገቡ።

እሑድ ጠዋት ደግሞ የመርከቡ ቄስ ቅዳሴውን ጨርሰው ሕዝቡን ካሰናበቱ በኋላ፣ ዶኛ ዙኒልዳ እጃቸውን አንሥተው፣ «አባታችን፣ አንዲት ቡራኬ ይጨምሩልኝ። ለኤሊሴዮ ናት» አሉ። ድምፃቸው ከሌላው ቀን ዝቅ ያለ ነበር። ምሳ ላይ ኤሊሴዮ ማን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ባሌ ነዋ፣ ጋዜጠኛው! አርባ ዓመት በገመድ ተንጠልጥሎ የመርከብ ሆድ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ግራ ጎኑ ከዳው። ከዚያ ወዲህ ውሎው መስኮት ላይ ነው። መስኮቱንም ቢሆን እነዚያ ፎቅ ሠሪዎች ሁለት ሕንፃ ገትረው ቀሙት። በሁለቱ ሕንፃ መካከል ይህችን የምታህል ባሕር ተዉለት።» ሁለት መዳፋቸውን አቀራርበው አሳዩኝ። «ስንነሣ በዚህች በኩል አልፋለሁ ብዬው ነበር። የሩቅ ማያ መነጽሩን ይዞ ቀኑን ሙሉ ጠበቀኝ። መርከቡ በሌላ በኩል ዞሮ ወጣ። ስደውልለት ‹ስትሄጂ እንኳ አላየሁሽም› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስልኩን ለማሪቤል ያቀብላታል እንጂ አያናግረኝም። በአርባ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ተለይቼው አላውቅም። ጥላኝ ሄደች ብሎ እንዳይሆን እፈራለሁ።»

ያን ቀን ከአስተናጋጁ ምንም አልጠየቁም። ሰውየው ያዘጋጀውን ብርቱካን ይዞ ቆሞ ቆሞ ተመለሰ።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑ ነጭ የደንብ ልብሱን ለብሶ ተሳፋሪውን ሊሰናበት ወጣ። ከሰሜን አውሮፓ የመጣ፣ ቋንቋችንን ከመጽሐፍ የተማረ ረጅም ሰው ነው። ዶኛ ዙኒልዳ እጁን ጨብጠው አልለቅም አሉ።

«ካፒቴን፣ ጉዞው ደስ ይላል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ምራቂዬን።»

«ምን… ይቅርታ?»

«ነገ ስንገባ መርከቧን በረጅሙ በኩል ያዙሩልኝ። በኮርዲዬራ ኮረብታ ፊት ለፊት። ባሌ በመስኮት ይየኝ።»

«እመቤቴ፣ የመግቢያ ሰዓት አለን። መርከብ የድንች ከረጢት አይደለም።»

«ድንችም ቢሆን፣ ልጄ፣ ሲመዘን ለገዢው ትንሽ ያጋድላል።»

ካፒቴኑ በትሕትና ፈገግ ብሎ እጁን አስለቀቀና ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይስቃል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ መሬት ግን በአካባቢው አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ከተማችን ከነኮረብታዎቿ ብቅ ስትል፣ ዶኛ ዙኒልዳ ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰው የመርከቡን መደገፊያ ብረት ተደግፈው አገኘኋቸው። መርከቦችን እየመራ ወደብ የሚያስገባው ሰው በትንሽ ጀልባ ደርሶ፣ በመርከቡ ጎን በገመድ መሰላል መውጣት ጀምሯል። ዶኛ ዙኒልዳ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ የገበያ ድምፃቸውን አወጡት።

«ባኤሳ! አንተ የኦልጋ ልጅ!»

ሰውየው መሰላሉ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀና አለ። «ዶኛ ዙኒልዳ?! እዚያ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«እንደ ሰው እየተንሸራሸርኩ ነዋ! ስማ፣ ስታዞራት በረጅሙ በኩል አዙርልኝ! ኤሊሴዮ መስኮት ላይ ነው!»

«ኧረ መጀመሪያ ልውጣ!»

«ለእናትህ ስንት ዓመት ድምብላል መርቄያታለሁ!»

«እሱስ እውነት ነው፤ ግን መሰላል ላይ ነኝ እኮ!»

ከላይ ምን እንደተባባሉ ባኤሳ በኋላ ነግሮኛል። «ነፋስ የለም፣ መንገዱ ነፃ ነው፤ በረጅሙ ብናዞራት ምንም አይደል» ይላል። ካፒቴኑ «ለምን?» ይላል። «ምራቂ ነው» ይላል ባኤሳ። ካፒቴኑ ለረጅም ጊዜ ሰዓቱን ካየ በኋላ፣ «የድንቿ ሴትዮ ናት?» ብሎ ጠየቀ አሉ።

እኛ ግን ታች ሆነን ይህን አናውቅም። መርከቧ ቀስ ብላ ወደ ወደቡ ግንብ ተጠጋች፤ ሁልጊዜ ወደምትዞርበት ወደ አጭሩ ጎን ያዘነበለች መሰለን። ዶኛ ዙኒልዳ ጸጥ አሉ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ጸጥ ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው፤ ባያሳየኝ እመርጥ ነበር። የመደገፊያውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨበጡ። አስተናጋጁ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። መምህርቷም መጡ። ያ ያኮረፈው የቢንጎ አሸናፊ እንኳ መጣ።

ከዚያ የመርከቧ አፍንጫ ወደ ግራ፣ ወደ ረጅሙ በኩል ሄደ።

ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ዘጠኝ ፎቅ፣ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ባለችው ቀዳዳ ፊት ለፊት ዝግ ብሎ አለፈ። ከኮረብታው ላይ፣ ከአንድ ቢጫ ቤት መስኮት፣ ቀይ ብርድ ልብስ ሲውለበለብ አየን። ማሪቤል ናት። ዶኛ ዙኒልዳ ሁለት እጃቸውን አነሡ፤ የመርከቡ ሰውም ሁሉ፣ የት እንደሚያውለበልብ የማያውቀውም ጭምር፣ እጁን አነሣ። እኔም ኮፍያዬን እስኪበር ድረስ አውለበለብኩ።

ስልካቸው ጠራ። ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው ከፈቱት።

«ኤሊሴዮ! አየኸኝ?»

«አየሁሽ» አሉ ኤሊሴዮ፣ ቀስ ባለ በሚጎተት ድምፅ። «ኮትሽ ያምራል። መርከቧ ግን ከፊት በኩል ቀለሟ ተልጧል።»

«ተወው አንተ ቀለሙን! እኔን አየኸኝ ወይ?»

«አየሁሽ አልኩሽ እኮ፣ ዙኒ።» ከዚያ ጨመሩበት። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትዞረው?»

ዶኛ ዙኒልዳ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ እኔ ዞሩ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ ይስቃሉ። «ሰማኸው? ይሄን ሰው ነው እንግዲህ አርባ ስምንት ዓመት የቻልኩት።»

ወደ ላይ ቀና አልኩ። ባኤሳና ካፒቴኑ ከሰገነታቸው ሆነው ቁልቁል ያዩናል። ጨዋ ሰው ነኝ፤ የተመደበልኝን በልቼ አመስግኜ የምነሣ፣ ከሻጭ ጋር አንድ ቃል ተከራክሬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ።

«ባኤሳ! አንዲት ብቻ ጨምርላቸው!»