ስክሪን ላይ የሌለች መርከብ

በለንደን፣ በቴምዝ ዳርቻ፣ ስሙን በከንቱ ማንሳት የማይገባ አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት አለ። ይህ መሥሪያ ቤት ወደብ የደረሰች መርከብ ሁሉ፣ ያለችበትን ቦታ የሚጠቁመው መሣሪያዋ እንዲፈተሽ የሚያዝ አዲስ ደንብ አወጣ። ደንቡ ሰማንያ ገጽ ነው። አንድም ሰው አላነበበውም፤ ስለዚህም የተቃወመው አልተገኘም።

ስቶክዌል የሚባለው የለንደን ሰፈር ነዋሪ ባፈና በዚህ ቤት በፍተሻ ሠራተኛነት ከተቀጠረ ስድስት ወሩ ነው። የሙከራ ጊዜው ዛሬ፣ ዓርብ ያልቃል። ቋሚ ከሆነ ሚስቱን ከአዲስ አበባ ለማምጣት አፕላይ ያደርጋል። ካልሆነ ውብነሽ የስልክ ሚስት ሆና ትቀጥላለች።

ጠዋት ዝገት የበላት አንዲት አሸዋ ጫኝ መርከብ ላይ ወጣ። መሣሪያዋ ጭራሽ አይሠራም። ባፈና ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ በስድስት ወር ውስጥ ያገኘው የመጀመሪያው ጥፋት ነው። ወዲያው ለኃላፊው ደወለ።

«የመርከቧ መሣሪያ አይሠራም። እንዳትንቀሳቀስ ላግዳት?»

«የትኛዋ መርከብ?»

«ይቺ የቆምኩባት።»

ኃላፊው መሣሪያቸው የሚሠራ መርከቦች የሚታዩበትን ስክሪናቸውን በጥሞና ተመለከቱ። «እዚያ መርከብ የለም።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ላይዋ ላይ ቆሜ ነው የማናግርዎ!»

«ደንቡ የሚለው ‹ወደብ የደረሰች› ነው። ስክሪን ላይ ያልታየች አልደረሰችም። ያልደረሰችን መፈተሽ ደግሞ ከሥልጣን ማለፍ ነው።»

እንዲህ ያለ ጥልቅ አእምሮ በየቦታው አይገኝም። ባፈና ገና በመደነቅ ላይ ሳለ ከስክሪን ክፍል ደረጄ ደወለለት። ደረጄ የቸርች ወንድሙ ነው፤ ሁለት እሑድ አልተያዩም።

«ባፍዬ! ምነው ጠፋህ?»

«ይቅርታ ወንድሜ፣ በጣም ጠፍቻለሁ» አለ ባፈና፣ ወግ ነውና።

የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ግን ይቀዳል፤ የተቀዳውንም ኮምፒዩተር ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት ደረሰ፦ «ሠራተኛው በሥራ ሰዓት መጥፋቱን በራሱ አንደበት አምኗል። ይቅርታም ጠይቋል።»

ባፈና ተጠራ። ኃላፊው የስንብት ደብዳቤ ዘረጉለት።

«መቀበልህን እዚህ ላይ ፈርም።»

ውብነሽ ትዝ አለችው። ሰላምታ ነው ብሎ ሊያስረዳ አፉን ከፈተና ተወው። በዚህ ቤት እውነት ማንን ጠቅሞ ያውቃል?

«ጌታዬ፣ የጠፋ ሰው ይፈርማል እንዴ?» አለ።

ኃላፊው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ነገሩ ከባድ ነው። ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። አሸዋ ጫኟ መርከብ ማንም ሳያያት ወንዙን ይዛ ስትወርድ፣ ኮሚቴው ስክሪን ላይ የታዩት መርከቦች መሣሪያ መቶ በመቶ እንደሚሠራ በጭብጨባ አጸደቀ። ቀጥሎም ያልተገኘን ሰው ማሰናበት ሕገ ወጥ መሆኑን ተገነዘበና፣ ባፈና የሙከራ ጊዜውን በመልካም ሥነ ምግባር ስላጠናቀቀ በቋሚነት እንዲጠፋ በሙሉ ድምፅ ወሰነ።