ከ«ኤል» ወዲያ የወንድሜ ነው

በየሰፈሩ ዲክሽነሪ የዋጠ ሰው አይጠፋም። እንደምን አደርክ ስትሉት ትርጉሙ የማይገኝ ምላሽ ይሰጣችኋል፤ ሊያስታርቅ ይገባና የተጣሉት ሰዎች ምን እንዳለ ሲከራከሩ እንደገና ይጣላሉ። የሌላው ሰፈር ሰው ግን ዋጠ የሚባለው ለወጉ ነው። የእኛው ሊቀ ሊቃውንት፣ በኮሪያዋ ጉንሳን ከተማ ያለው አፓርታማችን የበር ጥበቃ ጋሽ ታክ ጆንግ-ጉ፣ በጥርሳቸው አኝከው ውጠውታል።

በእሳቸው የተማሪነት ዘመን ደንቡ እንዲህ ነበር። የእንግሊዝኛ ዲክሽነሪውን አንድ ገጽ በቃልህ ስትይዝ ገንጥለህ ትበላዋለህ። ተመልሰህ የምታየው ገጽ ስለሌለ መርሳት አይታሰብም። ብዙው ተማሪ ሁለት ሦስት ገጽ ቀምሶ ተወው። ጋሽ ታክ ግን የጀመሩትን የሚተው ሰው አይደሉም።

«ስስ ወረቀት እኮ ነው፤ በኮምጣጣው የጎመን ቂምጪ ውሃ ከነከርከው ምንም አይል» ይላሉ። «ፊደል ‹ሲ› ብቻ ናት ያስቸገረችኝ። ብዙ ናት። ሦስት ቀን ሆዴን ነፍታ ይዛኛለች።»

ዛሬ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የበሉትም አልወጣላቸውም። መኪናውን ያለቦታው ላቆመ ሰው መስታወቱ ላይ «ኢንኮሪጂብል» ብለው ይለጥፉበታል። ሰውየው ግማሽ ሰዓት ፈልጎ «ምክር የማይመልሰው» ማለት መሆኑን ሲደርስበት፣ በንዴት መኪናውን አንስቶ ይሄዳል። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ካናዳዊ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አንድ ጠዋት ደህና ነዎት ቢላቸው «ኢቡሊየንት!» አሉት። ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኩቶ፣ ሽማግሌው ታመዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደስታቸው ሞልቶ ፈሷል ማለታቸው ነበር።

አንድ ጉድ ግን ነበራቸው። «የስ» አይሉም፤ «አፈርማቲቭ» ይላሉ። «ኖ» አይሉም፤ «ኢምፖሲብል» ይላሉ። «ሶሪ» የምትባለውን፣ ሕፃን እንኳ የሚያውቃትን ቃልማ ከአፋቸው ሰምቷት የሚያውቅ ሰው የለም። አንድ ሰው ከ«ኤል» በኋላ ባለ ፊደል የሚጀምር ቃል የጠየቃቸው እንደሆነ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው «እሱ የኔ ድርሻ አይደለም» ይላሉ። እኛም የእርጅና አመል ነው ብለን ትተነው ነበር።

ባለፈው የብርድ ወራት መሥሪያ ቤቴ ለደረጃ ዕድገት የእንግሊዝኛ ፈተና ካላለፍክ አለኝና፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ ቃል ሸምዳጅ ሆንኩ። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ጥበቃ ቤታቸው እየገባሁ አጠና ጀመር። አንድ ሐሙስ «ፓርሲሞኒየስ» የሚል ቃል ይዤ ሄድኩ።

«የኔ ድርሻ አይደለም» አሉ።

«ታዲያ የማን ነው ጋሽ ታክ?»

በመጨረሻ ነገሩን አወጡት። በልጅነታቸው ቤት ውስጥ የነበረው ዲክሽነሪ አንድ ነው። ከታናሽ ወንድማቸው ከጆንግ-ሙን ጋር ሲጓተቱበት አባታቸው ተናደዱና ከመሃል ቀደው፣ የፊቱን ለትልቁ የኋላውን ለትንሹ ሰጡ። ሁለቱም ድርሻቸውን በሉ። ካደጉ በኋላ አንደኛው የጎደለውን ቃል ሌላኛውን ይጠይቅ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጋሽ ታክ የአባታቸውን መቃብር ወንድማቸውን ሳያማክሩ ከመንደር አዛወሩት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። የአባታቸውን ሙት ዓመት አንዱ እዚህ ጉንሳን፣ ሌላው ዴጆን ከተማ ማዕድ አቅርቦ ያስባል። በወጋችን ማዕዱ የሚቀርበው ለሟቹ መንፈስ ስለሆነ፣ ሟቹ በአንድ ቀን ሁለት ከተማ እየዞሩ ሊበሉ ነው።

«አባባን ደግሞ አውቶቡስ ያጥወለውለው ነበር» አሉ ጋሽ ታክ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው።

«ታዲያ ቃሉን ባለቤቱን ይጠይቁልኛ!» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ነገር አታምጣብኝ።»

«መውደቄ ነው እኮ ጋሼ።»

ስልኩን አነሱ፣ አስቀመጡ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ለራሴ ቢሆን ሞቼ አልደውልም» አሉ። «ለትምህርት ነው።» ያኔ በኪሴ ያለው ስልክ ቃሉን ባንድ አፍታ እንደሚፈታው ከሁለታችንም የተሰወረ አልነበረም። ያንን ግን አንዳችንም አላነሳነውም።

«ጆንግ-ሙን፣ እኔ ነኝ። ስለሌላ ነገር አይደለም። ፓርሲሞኒየስ ምንድን ነው?»

የታናሽየው ድምፅ ከወዲያ በኩል እስከ እኔ ተሰማ። «ቆጣቢ፤ ስስታም። ክብሪት ለሁለት እንደሚሰነጥቀው እንደ አባባ ያለ ሰው።»

ጋሽ ታክ ሳቁ። «ክብሪት የሰነጠቀ ሰው ዲክሽነሪ ቢቀድ ምን ይደንቃል!» ብለው ወዲያው ኮስተር አሉና «አመሰግናለሁ» እንኳ ሳይሉ ዘጉት። እኔ ግን ሲስቁ አይቻቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ ከ«ኤል» ወዲያ ያለ ቃል ይዤ እሄድ ጀመር። አንድ ደቂቃ የነበረው ስልክ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ሆነ። በግንቦት ፈተናውን አለፍኩ። ለሚስቴ ብቻ ነገርኳትና ቃል መያዜን ቀጠልኩ። ጋሽ ታክ ለወንድማቸው «ይሄ ልጅ ድንጋይ ነው፤ አንድም ነገር አይዘልቀውም» ሲሉ ፊታቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እንደ እኔ ጎበዝ ለመባል ዕድሜውን ለጨረሰ ሰው ቀላል መዋጮ እንዳይመስላችሁ። ሙት ዓመቱ ጥቅምት ላይ ነው፤ ያ ቀን ሳይደርስ ግን ስልኩ እንዳይቋረጥ ብዬ ማለፌን ልናገር አልቻልኩም።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ሐሙስ፣ የቃሉ ነገር ካለቀ በኋላ ታናሽየው በስልክ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ጋሼ፣ አባባ ዘንድሮም ሁለት ቦታ ሊበላ ነው?»

ጋሽ ታክ ኮፍያቸውን አወለቁ። «አውቶቡስ ያጥወለውለዋል እኮ» አሉ። «ስለ መቃብሩ… ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የሙት ዓመቱ ዕለት ጆንግ-ሙን አንድ ቅርጫት የፒር ፍሬ ተሸክሞ ከአውቶቡስ ወረደ። እሱም እንደ ወንድሙ እጁን ወደ ኋላ የሚያጣምር ሽማግሌ ነው።

«ይኸውልህ፣ ያልኩህ ድንጋይ ራስ» አሉት ጋሽ ታክ እኔን እያሳዩ።

«አይዞህ» አለኝ ታናሽየው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ። «ሁለታችን እያለንልህ አትወድቅም።»

እጅ ነስቼ ምስጋናዬን አቀረብኩና ደረጃውን ልወጣ ስል ጋሽ ታክ ተከትለውኝ መጡ። አንድ ፒር እጄ ላይ አኖሩ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሚስትህ በግንቦት የማለፍህን የምሥራች የሩዝ ኬክ ይዛልኝ መጥታ ነበር። ጣፋጭ ነበር።»

ፒሩን በእጄ አገላበጥኩት።

«ሐሙስ እንዳትቀር» አሉኝና ወደ ወንድማቸው ተመለሱ።