ልጁ አልፈረመም

ሕንፃ ይፈርሳል፣ አለቃ ይሻራል፣ ደንብ ይሻሻላል፤ «ይፈረምበት» የምትል ሴት ግን ከየትም መሥሪያ ቤት አትጠፋም። ካርድ ክፍል ተቀምጣ አይታችኋታል፣ ዕቃ ግምጃ ቤትም አግኝታችኋታል። እስክሪብቶዋ በክር ከጠረጴዛው ጋር የታሰረ ነው። ሰው ስለማታምን አይደለም፤ ሰውን ስለምታውቅ ነው።

እኔ የማውቃት ጦር ሰፈር ውስጥ ናት፣ የወታደር ልጆች ማቆያ ኃላፊ። ወላጅ ግዳጅ ሲሄድ ወይም ተረኛ ሲሆን ስልሳ ሁለት ልጆች እሷ እጅ ላይ ይውላሉ። በስሟ የሚጠራት ሰው ሰምቼ አላውቅም። ወታደሮቹ ፊት ለፊት «እትዬ»፣ ዞር ስትል ደግሞ «ክብርት ይፈረምበት» ይሏታል። እኔ አናጢ ነኝ። የተሰበረ ነገር ሲኖር ትጠራኛለች።

በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ አስቆመችኝ።

«ስንት ሚስማር ይዘህ ገባህ?»

«እኔ እንጃ እትዬ፣ እፍኝ ይሆናል።»

«እፍኝ ቁጥር አይደለም።»

ቆጠርን፤ አርባ ሦስት። ማታ ስወጣ የተመታው ሠላሳ አንድ፣ የተረፈው አሥራ አንድ። አንዷን ፍለጋ ያንን ሁሉ ወለል በጉልበቴ ዳስሼ ጨረስኩ። መጨረሻ ላይ የተገኘችው ከገዛ ኪሴ ቀዳዳ አልፋ፣ የጃኬቴ ገበር ውስጥ ተሸጉጣ ነው። «ልጅ ሚስማር ይውጣል፤ አንተ አትውጥም» አለችና ወረቀት አቀረበችልኝ። «ይፈረምበት።»

ማዕረግም አይበግራትም። አንድ ጊዜ አንድ ኮሎኔል የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ። ስማቸው ልጅ ከሚረከቡት ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

«እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

«እንዴታ ጌታዬ፣ አውቅዎታለሁ። ዝርዝሩ ግን አያውቅዎትም።»

ሴት ልጃቸው እስክትመጣ አርባ ደቂቃ በር ላይ ቆሙ። ሲወጡም ጠፍቶ የተገኘ የልጁን ካልሲ አስፈርማ ሰጠቻቸው፦ «ካልሲ፣ ሰማያዊ፣ የግራ፣ አንድ።» ካልሲ ግራና ቀኝ እንደሌለው ኮሎኔሉም አልነገሯት፣ እኔም አልደፈርኩም።

ግዳጅ ላይ ያሉ ወላጆች ፎቶ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ሥራ ስትለኝ በራሴ ዓይን ልክ ሰቀልኩት። መጥታ አየችው።

«ማን እንዲያየው ነው?»

ነቅዬ ጉልበቴ ላይ በሚደርስ ከፍታ መታሁት። ዛሬ የፎቶዎቹ ላስቲክ በጣትና በምራቅ ደብዝዟል። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ሲገቡ የየራሳቸውን እየነኩ ያልፋሉ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ወንበሮቹ ናቸው። ልጅ ወንበር የሚሰብረው እየጎተተ ነው፤ የሚላቀቀውም የፊት እግሩ ነው። ለጥገና የሚመጡልኝ ግን የኋላ መጋጠሚያቸው ከላይ በወረደ ክብደት የተሰነጠቀ ነበር። አሥራ ሁለት ኪሎ ልጅ ይህን አያደርግም። ስጠይቃት «የሚመለሱት ወላጆች ናቸው» አለች። ከግዳጅ የተመለሰ ሁሉ መጀመሪያ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ታዲያ አንድ ደህና ትልቅ ወንበር ልሥራልሽ።»

«ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንግዳ ነው። ልጅ ደግሞ እንግዳ ይፈራል። አንተ የተሰበረውን ጠግን።»

ነገሩ የገባኝ መስኮቶቹን በማድስበት ሳምንት፣ አንድ አሥር አለቃ ሲመጣ ነው። አሥራ አንድ ወር ቆይቶ መመለሱ ነው። ልጁን ትቶት ሲሄድ ገና ቆሞ መሄድ ጀምሮ ነበር። እናቲቱ የሬዲዮ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ እሷ እንደነገረችን ልጁ ቤት ውስጥም አባቱን ሲያይ ከቀሚሷ ሥር አይወጣም። አሥር አለቃው ደረተ ሰፊ ነው፤ በክንዱ ትልቅ የፕላስቲክ መኪና አቅፏል። ልጁ መኪናውን ተቀበለ፤ ሰውዬውን ግን አልተቀበለም። ሮጦ ሰሌዳው ጋ ሄደና ፎቶውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ «አባባ!» አለ፤ አባባ ያለው እዚህ ነው፣ አንተን አላውቅህም እንደማለት።

«ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት እትዬ፤ ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ።»

መታወቂያውን ሁለቴ አገላብጣ አየች። «አዎ፣ አለህ። ልጁ ግን አልፈረመም።»

«የሁለት ዓመት ልጅ በምን ይፈርማል?»

«በጫማው። ፈቃድህ ስንት ቀን ነው?»

«አምስት።»

«ከበቂ በላይ ነው። ቁጭ በል። አትጥራው፣ አትከተለው፣ አታባብለው። እጅህ ሥራ ይያዝ።» አንድ ቅርጫት ሙሉ እርሳስና መቅረጫ ሰጠችው። ያ ሁሉ ቁመት እዚያች ወንበር ላይ ሲታጠፍ ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደረሰ።

የጫማው ነገር እንዲህ ነው። ልጆቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይውላሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እያንዳንዱ የራሱን ከመደርደሪያው ያነሳና እንዲያጠልቅለት ለሚያምነው ሰው ያቀብላል። ማንም አላስተማራቸውም። እሷ ግን በልቧ መዝግባዋለች፤ ጫማውን ካቀበለው ሰው ጋር የሄደ ልጅ መንገድ ላይ አያለቅስም።

የመጀመሪያው ቀን ለእናቱ አቀበለ። በሁለተኛው ለማቆያው ወጥ ሠሪ። በሦስተኛው ቀን ለእኔ! አሥር አለቃው ቀና ብሎ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። መዶሻው እኔ እጅ ላይ መሆኑ በጀኝ።

በዚያው ምሽት ሲነሳ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ቀን አይቆይም። ቢሰበርና ሰውዬው ቢንኮታኮት ልጁ ደንግጦ ሦስቱ ቀን ከንቱ ነው። ማንንም ሳልጠይቅ ገለበጥኩትና በአራቱ መጋጠሚያ አራት የማዕዘን ብረት መትቼ በዚያው ቀለም ቀባሁት።

በአራተኛው ቀን ልጁ መኪናውን እየነዳ መጥቶ የአሥር አለቃውን እግር ገጨ። ቀና ብሎ አየው። ሰሌዳው ጋ ሄደ፣ ፎቶውን አየ፣ ተመለሰ፣ ፊቱን አየ፣ እንደገና ሄደ። ልስቅ ስል እትዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ዝም በል፤ እያመሳከረ ነው።»

የዚያን ዕለትም ጫማው የእናቱ ሆነ። አሥር አለቃው እርሳስ መቅረጹን ቀጠለ። የሚቀረጽ እርሳስ አልነበረም፤ የተቀረጹትን እየደገመ ነበር።

አምስተኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ልጁ አንዱን ጫማ አነሳ። ወጥ ሠሪዋን አለፈ፣ እኔን አለፈ፣ በሩ ላይ የቆመችውን እናቱን አየት አደረገ። ከዚያ ጫማውን አሥር አለቃው ጉልበት ላይ አስቀመጠና ሁለተኛውን ሊያመጣ ተመለሰ።

የመኪና ሞተር ፈትቶ የሚገጥም እጅ የሕፃን ጫማ ማሰሪያ አቃተው። እንደምንም አጠለቀለት፤ ግን የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ። እኔ አየሁ። እትዬም አይታለች። የካልሲ ግራ አስፈርማ የምትሰጠው ሴት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የቀባሁትን ቀለም መመርመር ያዘች። ሲጨርስ ብቻ ዞር ብላ ወረቀቱን ገፋ አደረገችለት።

«ይፈረምበት።»

ልጁ የጫማዎቹ አፍንጫ ወደ ውጭ እንደዞረ፣ እንደ ዳክዬ እየተራመደ፣ የአባቱን አመልካች ጣት ይዞ ወጣ። አሥር አለቃው በማግሥቱ ጠዋት ወደ ግዳጁ ተመለሰ።

ሁሉም ሲሄዱ ወንበሩን አንስታ በእጇ መዘነችው። ገለበጠችው።

«ይሄ ብረት በማን ትእዛዝ ገባ?»

«በማንም።»

ጆሮዬ ላይ የሻጥኩትን የአናጢ እርሳስ ነጠቅ አድርጋ መልሳ ለእኔው ሰጠችኝ። የወንበሩን ሆድ ወደ እኔ አዞረች። «ይፈረምበት።»

ሃያ ስድስት ዓመት በርና ቁምሳጥን ስሠራ ስሜን የጻፍኩበት ዕቃ ያ ወንበር ብቻ ነው።

«በሚቀጥለው ወር አሥራ አራት ሰዎች ይመለሳሉ» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ለቀሩት አሥራ ሦስት ወንበሮች በአራት በአራት የሚበቃ የማዕዘን ብረት በከረጢት ይዤ መጣሁ። በሩ ላይ ገና አፏን ሳትከፍት «ሃምሳ ሁለት» አልኳት።