ከቶ የማይፈታው ዘለበት

(ዋተርበሪ፣ ኮነቲከት፤ የናስ ፋብሪካዎች ጭስ ማውጫ ከቤተ ክርስቲያን ማማ በልጦ በቆመበት ዘመን። ሰኞ ማለዳ ነው። ፈጠራን ብሎ የመምህርነት ሥራውን የተወው ዜናስ ትሬድዌል በጓዳው መካከል እንደ ምሰሶ ተገትሯል፤ ከኋላው በጠፍርና በናስ ዘለበት የታሰረው ሱሪው ሆዱን ለሁለት ከፍሎ ተወጥሯል። የሚስቱ ወንድም ኤበር፣ የዌዘርስፊልዱ ሽንኩርት ገበሬ፣ ከቤቱ ብቸኛ ወንበር አጠገብ ቆሞ በካራ እንጨት ይጠርባል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

ኤበር፦ እኔ የምለው፣ ዓይን ያለው ከፊት ነው። ታዲያ ዘለበቱን ከኋላ ምን ወሰደው?

ዜናስ፦ ውበት!

ኤበር፦ የማታየው ነገር ምኑ ያምራል?

ዜናስ፦ አንተ ባታየው ከኋላህ የተቀመጠው ያየዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመዝሙር ስንነሣ ሕዝቡ የሚያየው ምንህን ነው? ጀርባህን!

ኤበር፦ እኔ የምቀመጠው የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው።

ዜናስ፦ ለዚህ ነዋ ላንተ ያልተሠራው!

ኤበር፦ እሺ፣ ቁጭ በልና አስረዳኝ።

ዜናስ፦ ቆሜ አስረዳሃለሁ። እስከ ዛሬ የነበረው የሱሪ ዘለበት ጥርስ አለው። ጥርሱ ጨርቅ ይበላል፣ የወንበር መደገፊያ ይቧጭራል፣ ሚስት ያስቆጣል፤ ይህን ሁሉ አጥፍቶም መያዝ ባለበት ሰዓት ይለቃል። የእኔው ጥርስ የለውም።

ኤበር፦ እንደ አክስቴ እንደ ፕሩደንስ በለኛ። ጥርስ የላትም፤ የያዘችውን ግን አትለቅም።

ዜናስ፦ ከተወለድክ ዛሬ ገና አንድ ልክ የሆነ ነገር ተናገርክ። ምላሱ በጠፍሩ ላይ ይተኛና፣ ጠፍሩ በተሳበ ቁጥር ይጠብቃል። ሰውየው ቢተነፍስ ይጠብቃል፤ ቢስቅ ይጠብቃል፤ ቢበላ ይጠብቃል።

ኤበር፦ ሲፈልግስ ይላላል?

ዜናስ፦ ለምን ብሎ ነው የሚላላው? ድልድይ የሚሠራን ሰው «መቼ ነው የሚፈርሰው?» ብለህ ትጠይቃለህ?

ኤበር፦ ድልድይ እኮ ሽንት ቤት አይሄድም፣ ወንድም ዜናስ።

(ዜናስ ሊመልስ አፉን ይከፍታል፤ ትንፋሹ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።)

ኤበር፦ ፊትህ ቀይ ሥር መስሏል። ቁጭ በል እንጂ!

ዜናስ፦ አልቀመጥም!

ኤበር፦ እኅቴ መሂታቤል ነግራኛለች። ትናንት ስብከቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆመህ ሰማህ አሉ። ፓስተሩ መንፈስ የነካህ መስሎት አለቀሰ አይደል?

ዜናስ፦ የሰውን እንባ ማድረቅ የእኔ ሥራ አይደለም።

ኤበር፦ ሌሊቱንም ግድግዳ ተደግፈህ አደርክ።

ዜናስ፦ ፈረስም ቆሞ ያድራል። ፈረስ ጅል ነው?

ኤበር፦ ባዝራዬ ዶርካስ እንኳ መቆም አትወድም። ደስ ካላላት መንገድ መሃል እንደ ውሻ ቁጭ ትላለች።

ዜናስ፦ ባዝራ ባለቤቷን መምሰሏ ምን ያስደንቃል?

ኤበር፦ (እየዞረ ከኋላው ይመለከተዋል) ወንድም ዜናስ፣ ዘለበቱ ይዞሃል እንዴ?

ዜናስ፦ እኔ ነኝ የያዝኩት!

ኤበር፦ እንግዲያው ልቀቀዋ።

ዜናስ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ለማንም እንዳትናገር። ቅዳሜ ማታ ከቦሎቄው በፊት ታጠቅሁት። ከቦሎቄው በኋላ ጠበቀ። እሑድ ጠዋት የተረፈውን ቦሎቄ በላሁ፤ ጠበቀ። ዛሬ ደግሞ እኅትህ የፖም ፓይ አቀረበችልኝ፤ ቁርስ ላይ ፓይ እንቢ ብል ምን ነካው ትላለች ብዬ በላሁ። አንዴ ብቻ ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራት።

ኤበር፦ ካራው በእጄ ነው። ልቁረጠውና ይገላግልህ።

ዜናስ፦ እንዳትነካኝ! በዚህ ምድር ላይ ያለው ይኸው አንድ ብቻ ነው። አቶ ሎትሮፕ፣ የናስ ፋብሪካው ባለቤት፣ ዛሬ ጠዋት ራሱ እዚህ መጥቶ ያየዋል። ለዚህ ቀጠሮ ስንት ወር ደጅ ጠናሁ! ተቆርጦ ቢያየው ምን ይላል?

ኤበር፦ ሳይቆረጥ አንተን ቢያይህስ ምን ይላል?

ዜናስ፦ «ይህ ሰው በሚገባ ታጥቋል» ይላል። ይልቅ ውላችንን አስታውስ።

ኤበር፦ ሽንኩርቱን?

ዜናስ፦ ቃል በቃል እኔው ልበልልህ፤ ቃሉን አንድ በአንድ የመረጥኩት እኔ ነኝና። «አቶ ሎትሮፕ የዜናስ ትሬድዌልን የወንዶች ሱሪ ዘለበት ተቀብሎ በፋብሪካው ቢሠራው፣ ኤበር በዚህ ቤት እስከ ዕድሜ ልኩ ሽንኩርት የሚል ቃል አያነሣም። ባይቀበለው፣ ዜናስ ወደ ዌዘርስፊልድ ወርዶ እስከ ውርጭ ድረስ የኤበርን የሽንኩርት ማሳ በጉልበቱ ተንበርክኮ ያርማል።» እኔ ያሰርኩት ቃል አይፈታም!

ኤበር፦ እሱስ እንደ ዘለበትህ ነው። ጋሪዬን ደጅ አቁሜዋለሁ፣ ምናልባት ብዬ።

ዜናስ፦ ባዶውን ትመልሰዋለህ። እኔ የኢዩክሊድን ጂኦሜትሪ ያስተማርኩ ሰው፣ ከዌዘርስፊልድ አራሚ ሴቶች ጋር ተንበርክኬ ሽንኩርት ላርም? በዚህ ሸለቆ ውስጥ ፈጠራውን ዋሺንግተን ድረስ ልኮ ያላስመዘገበ ውሻና አንተ ብቻ ናችሁ! አሁን ንገረኝ፤ ምስጢሩን ጠብቀሃል?

ኤበር፦ ምን ብለህ ነበር ያዘዝከኝ?

ዜናስ፦ አገሩ የሐሳብ ሌባ አገር ነው። ማንም መጥቶ ቢጠይቅህ፣ እንደ አገራችን ደንብ ጥያቄን በጥያቄ መልስ። የእኔንም ስም ከአፍህ እንዳታወጣ ብዬሃለሁ።

ኤበር፦ እንግዲያው ደስ ይበልህ። አንተ እዚህ ስታቃስት፣ እኔ አንዱን ሰላይ ደጅ ላይ አነጋግሬ ሸኘሁት።

ዜናስ፦ ሰላይ! ብዬ አልነበረም? ምን ይመስላል?

ኤበር፦ ወፍራም ነው፤ ጺማም።

ዜናስ፦ ሰላይ ምን ጊዜም ጺም ያበዛል።

ኤበር፦ የመጣው ሁለት ጥቁር ፈረሶች በሚስቡት ሰረገላ ነው።

ዜናስ፦ የሰረቀውን ሊጭንበት ነዋ!

ኤበር፦ «ስለ ዘለበት ጉዳይ መጥቼ ነው፤ ቀጠሮ አለኝ» አለኝ።

ዜናስ፦ ሌባ መቼ «ልሰርቅ መጣሁ» ይላል? ምን አልከው?

ኤበር፦ ሱሪዬን ያሰርኩበትን የሽንኩርት ገመድ አሳየሁትና «እኔ ዘለበት የማውቅ ሰው እመስላለሁ?» አልኩት።

ዜናስ፦ (ሊስቅ ይጀምራል፤ ዘለበቱ ስለሚጠብቅበት ግን ሳቁን ይውጠዋል) ግሩም! ቀጥል!

ኤበር፦ «ትሬድዌል የሚባል መምህር እዚህ ይኖራል?» አለኝ። «ቤቱ መምህር ቢኖርበት እኔ እንዲህ ደንቆሮ ሆኜ እቀር ነበር?» አልኩት።

ዜናስ፦ ኤበር፣ በአንተ ላይ የደከምኩት በከንቱ አልነበረም! ከዚያስ?

ኤበር፦ ሁለት ሦስቴ መድገም ነበረብኝ። ጆሮው አይሰማም መሰለኝ፣ አንድ የናስ መለከት እያወጣ ጆሮው ላይ ይደግናል።

(ዜናስ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ይደርቃል።)

ዜናስ፦ ምን አልክ?

ኤበር፦ ይኸው እንግዲህ፣ አንተም መስማት አቃተህ። የናስ መለከት አልኩ። ቁጭ በልና ልጨርስልህ።

ዜናስ፦ በዚህ ሸለቆ ሁሉ ጆሮው ላይ ናስ የሚደግን ሰው አንድ ነው! እሱ ሎትሮፕ ነው! አቶ ሎትሮፕን አባረርክብኝ!

(ወደ በሩ ሊሮጥ ሁለት እርምጃ እንደ ዳክዬ ይራመድና «እህ!» ብሎ ይቆማል፤ ዘለበቱ እንደገና ጠብቋል።)

ዜናስ፦ ገደልከኝ! አንተ እንጨት! ሽንኩርት እንኳ ሲልጡት ውስጡ ሌላ ሽንኩርት ይገኝበታል፤ አንተን ግን ቢልጡህ፣ ቢልጡህ ምንም የለህም!

ኤበር፦ አባረርኩት አልኩ እንዴ? ሸኘሁት ነው ያልኩት። ሰውየው እኮ ደስ ብሎት ነው የሄደው።

ዜናስ፦ በምኑ ደስ ይለዋል?

ኤበር፦ በዶርካስ። እኛ ስንነጋገር ጥቁሮቹን ፈረሶች አየችና፣ ቅናት ይሁን ኩራት እንጃ፣ መንገድ መሃል ቁጭ አለቻ።

ዜናስ፦ እኔ እየሞትኩ ስለ ባዝራ ያወራኛል!

ኤበር፦ ያ የመጀመሪያው፣ ልክ እንደዚህኛው የተሠራው ዘለበት ትዝ ይልሃል? ለሱሪ ትልቅ ሆነብኝ ብለህ ማገዶ መሃል የወረወርከው? አንሥቼ የዶርካስ የአንገት ጠፍር ላይ ሰፍቼው ነበር።

ዜናስ፦ የጨዋ ሰው ዘለበት? በፈረስ አንገት ላይ?

ኤበር፦ እሷ አላማረረችም። ቁጭ ስትል ጠፍሩ ተሳበ፣ ከልክ በላይ ተሳበና ምላሱ ወዲያ ተገልብጦ ቀጭ! አለ። ከነጋሪዋ እንደተጠመደች አንገቷ ነጻ ሆነ። አቶ ሎትሮፕ መለከቱን ጥሎ ሮጠ። «በየክረምቱ የፋብሪካው ቁልቁለት ላይ ፈረሶቼ በረዶ ያንሸራትታቸውና ይወድቃሉ፤ ነጂው እስኪደርስ የአንገታቸው ጠፍር ያንቃቸዋል። ሲወድቁ ራሱ የሚፈታ ነገር ስፈልግ ነው የኖርኩት!» ብሎ ዶርካስን ግንባሯ ላይ ሳማት።

ዜናስ፦ (ፊቱ እየበራ) ተቀበለው? ፈጠራዬን ተቀበለው?

ኤበር፦ በፋብሪካው ሊያሠራው ነው። «የማን ሥራ ነው?» ብሎም ጠየቀኝ።

ዜናስ፦ ምን አልከው? ምን አልከው፣ ኤበር?

ኤበር፦ ምስጢር አይደል? «የማን ይመስልዎታል?» አልኩት። «ያንተ ይመስለኛል» አለኝ። «ቢሆንስ ይደንቅዎታል?» አልኩት። «ስምህ ማን ነው?» አለኝ።

ዜናስ፦ ነገርከው?

ኤበር፦ ያንተን ስም እንዳላወጣ ነው እንጂ ያዘዝከኝ፣ የራሴን መቼ ከለከልከኝ?

ዜናስ፦ ሌባ! ፈጠራውን ለማስመዝገብ በእግዚአብሔርና በዳኛ ፊት «ፈጣሪው እኔ ነኝ» ብለህ ልትምል ነው?

ኤበር፦ አንተ የፈጠርከው ከቶ የማይፈታ ዘለበት አይደል? እሱ የተቀበለው እኮ የሚፈታውን ነው። መማል ግድ ከሆነም አልዋሽም፤ ዶርካስ አገኘችው እላለሁ።

(ዜናስ በሕይወቱ ሲያስተምረው የኖረው ሥነ አመክንዮ በራሱ ጓዳ ገብቶ ሲያንቀው ይሰማዋል። ጣቱን ያነሣል።)

ዜናስ፦ ይሁን! ስሙን ውሰድ! ውሉ ግን ውል ነው። ሎትሮፕ ዘለበቱን ተቀብሏል፤ ስለዚህ አሸንፌያለሁ። ከዚህ ቤት ሽንኩርት የሚል ቃል አይሰማም!

ኤበር፦ ውሉ ምን ይል ነበር? አንተ ነህ የምታውቀው።

ዜናስ፦ «የዜናስ ትሬድዌልን የወንዶች ሱሪ ዘለበት...»

ኤበር፦ ዶርካስ ወንድ ናት?

(ዜናስ ያነሣውን ጣት ያወርዳል።)

ኤበር፦ ሱሪስ አላት?

ዜናስ፦ ኤበር፣ አንተ... እኛ ዘመዳሞች ነን።

ኤበር፦ ታዲያ ማሳዬን ባዕድ ይረመው? አቶ ሎትሮፕ ከሐሙስ ጀምሮ ፋብሪካው ውስጥ ሥራውን ቆሜ እንድመለከት ጠርቶኛል። አረሙ ደግሞ አይጠብቀኝም።

(ከውጭ የዶርካስ ትንፋሽ ይሰማል። ዜናስ ሊቃወም ሳንባውን ይሞላል፤ ጠፍሩ አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠብቅና ዓይኑ ይፈጣል።)

ዜናስ፦ እሺ! አርማለሁ! በጉልበቴ አርማለሁ፣ ከሴቶቹም ጋር እዘምራለሁ! ብቻ ፍታኝ፣ በእናትህ! ይህ ነገር እንዴት ነው የሚፈታው?

(ኤበር እጁን አይዘረጋም። እየጠረበ የነበረውን እንጨት ኪሱ ይከተዋል፤ ወንበሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከዜናስ ኋላ ያቆመዋል፤ ከወገቡ ትርፍ የሽንኩርት ገመድ ቆርጦም በእጁ ይዞ ይጠብቃል።)

ዜናስ፦ ልትገድለኝ ነው?

ኤበር፦ ዶርካስ ሞተች?

(ዜናስ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጸሎት የሚመስል ነገር ያጉረመርማል፤ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ጠፍሩ ይንቋቋል። መቀመጫው ወንበሩን በነካ ቅጽበት፦ ቀጭ! ሱሪው እንደ ተቆረጠ ሸራ ይላላል። ከቅዳሜ ጀምሮ የታፈነው ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ወጥቶ የምድጃውን አመድ ያቦንነዋል። ኤበር ሱሪውን እንዲያስርበት የሽንኩርት ገመዱን ጭኖቹ ላይ ያስቀምጥለታል፤ ዜናስ አንሥቶ ይመለከተዋል።)

ዜናስ፦ አንተ አረመኔ! እያወቅህ ነው? ከማለዳ ጀምሮ እያወቅህ እንዲህ ተገትሬ ስሰቃይ ዝም አልከኝ? ለምን አልነገርከኝም?

ኤበር፦ (ባርኔጣውን እያደረገ) ከገባሁ ጀምሮ «ቁጭ በል» ስልህ አልነበረም እንዴ?